ከሃያ ስድስት ወደ ሃያ ስምንት

በመሥሪያ ቤታችን «ጨው መጨመር» የሚባል ሙያ አለ። በሥልጠና ላይ አያስተምሩትም፤ አዲስ የተቀጠረ ሰው ግን ሦስት ወር ሳይሞላው ይለምደዋል። እኔን ያስተማረችኝ ዛሬ ጡረታ የወጣች ሴት ናት፤ እኔም በተራዬ ለስንቱ አስተምሬዋለሁ። ሥራችን ችግር የገባባቸው ልጆችና ቤተሰቦች ቤት መሄድ ነው። አባት እጁን ያነሣበት ቤት፣ እናት የታመመችበት ቤት፣ ልጅ ከትምህርት ቤት የጠፋበት ቤት። እንሄዳለን፣ እንቀመጣለን፣ እንሰማለን፣ ከሐኪም ጋር እናገናኛለን፣ ሲብስም እጅጌያችንን ሰብስበን የተከመረ ሳህን እናጥባለን። በየሦስት ወሩ ደግሞ ቅጽ እንሞላለን።

ቅጹ ሃያ ጥያቄ አለው። «ልጆች ያለ አዋቂ ብቻቸውን ይቀራሉ?» «ወላጅ ከአልጋ ለመነሣት ይቸገራል?» እያለ ይቀጥላል። ለእያንዳንዱ ከዜሮ እስከ ሦስት ነጥብ ይሰጣል፤ ዜሮ «በጭራሽ» ማለት ነው፣ ሦስት «ሁልጊዜ»። ድምሩ በከበደ ቁጥር ልጆቹ አደጋ ላይ ናቸው። ድምሩ ከሃያ አምስት በታች የመጣ ቤተሰብ ግን «ድኗል» ይባልና ከዝርዝር ይወጣል፤ ምክንያቱም ኮሪደሩ ላይ፣ የላስቲኩ ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቀው ሰው መዓት ነው፣ እኛ ደግሞ ዘጠኝ ነን። ከዝርዝር ሲወጣ የሚቀረው የእኔ መሄድ ብቻ አይደለም። የሕፃናት መዋያው ቦታ ይቀራል፣ የሐኪሙ ቀጠሮ ይቀራል። ሰው ገና በአንድ እግሩ ቆሞ ሲንገዳገድ «ጎበዝ፣ ቆመሃል!» ብሎ ምርኩዙን መንጠቅ ነው። ስለዚህ ሃያ አንድ የመጣውን ሃያ ስድስት እናደርገዋለን። «አልፎ አልፎ» የነበረው «ብዙ ጊዜ» ይሆናል። ጨው የምንለው ይህንን ነው። ውሸት ነው ወይ ካላችሁኝ፣ አዎ፣ ዓይኑን ያፈጠጠ ውሸት ነው። ማንን ይጎዳል ብለን ነበር።

አሁን ስለ አንዲት እናትና ስለ ሁለት ልጆቿ ልንገራችሁ። ቤታቸው ከጎማ ጥገናው ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት የዛሬ ዓመት ከሁለት ወር ነው፤ ጎረቤት ደውሎ «ልጆቹ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያለቅሱ ነበር፣ አሁን ዝም ብለዋል፤ ዝም ማለታቸው ነው ያስፈራኝ» ብሎን። በሩን የከፈተችልኝ የሰባት ዓመት ልጅ ናት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከእግሬ እስከ ራሴ ለካችኝ።

«ማን ልበል?» አለችኝ።

«ከልጆችና ቤተሰብ ድጋፍ ነው የመጣሁት። እናትሽ አለች?»

«አለች። ግን ዛሬ እንግዳ አትቀበልም። ለእኔ ንገሪኝ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ ሊቀመንበሯ ሆኖ ቀረ። ሊቀመንበሯ ሁለት ቀን ሙሉ ለወንድሟ ስኳር በውሃ እየበጠበጠች በማንኪያ ስታጠጣው ነበር የቆየችው። እናትየዋ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ተኝታለች። ስጠራት ሰምታኛለች፤ መልስ ለመስጠት ግን አቅሙ አልነበራትም። ባልየው ጥሏት ከሄደ አራት ወሩ ነበር፤ ሲሄድም ክንዷን ሰብሮ ነው የሄደው። ሕፃኑ የስድስት ወር ልጅ ነው። ግንባሩን ቋጥሮ፣ ነገር እንደ ገባው ሰው አፍጥጦ ስላየኝ እሱንም ሽማግሌው አልነው።

እኔ ቁጡ ሴት ነኝ። የቢሮ ባልደረቦቼ «አንቺ ስትመጪ ችግሩ ራሱ በመስኮት ይወጣል» እያሉ ይቀልዱብኛል። ያቺ ክፍል ስገባ ግን ቁጣዬ ወዴት እንደሄደ አላውቅም፣ ሦስቱም አንጀቴን በሉት። ማክሰኞና ዓርብ፣ ዝናብ ቢዘንብም ፀሐይ ቢያቃጥልም፣ ሳልቀር ሄድኩ። መጀመሪያ ቁጭ ማለት ቻለች። ቀጥሎ ፀጉሯን ታጠበች። ሐኪሙ ያዘዘላትን ኪኒን ሊቀመንበሯ በሰዓቱ ታቀርባለች፣ «አፍሽን ክፈቺ፣ ልይ፣ ዋጥሽው?» እያለች ታጣራለች። በሰባተኛው ወር ሽማግሌው በእኛ ዝርዝር በኩል መዋያ ገባ፤ እናትየዋም የሆቴል አንሶላ የሚያጥብ ቤት ተቀጠረች። እጇ በሳሙና ተላጠ። የተላጠ እጇን ስታሳየኝ እንደ ሙሽራ ቀለበት ነበር ዘርግታ የምታሳየኝ።

የመጨረሻውን ቅጽ ልሞላ የሄድኩት ዓርብ ከሰዓት ነው። በሩ ላይ ነበር የጠበቀችኝ።

«እትዬ፣ ዛሬ ጠዋት ምን ሆንኩ መሰለሽ?»

«ምን ሆንሽ ደግሞ?»

«ሰዓቱ ሳይጮህ ነቃሁ። ነቅቼ፣ ምን ልሥራ ብዬ አሰብኩ እንጂ፣ ምነው ባልነጋ አላልኩም። ገባሽ? ምነው ባልነጋ አላልኩም!»

አቀፍኳት። ከዚያ ሻይ ቀርቦልኝ፣ ሽማግሌው ጭኔ ላይ ተቀምጦ፣ በእርሳስ መሙላት ጀመርኩ። ይህ ልጅ እንቅልፉ ሲመጣ የሰው ጆሮ መያዝ ይወዳል፤ የኔንም ያዘው። አንድ በአንድ ጠየቅኳት፤ ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ዜሮ። ብቻቸውን ይቀራሉ ወይ ስል ሊቀመንበሯ ከደብተሯ ቀና ብላ «ዕቃ ልትገዛ ስትወጣ ብቻ። አሥራ ሁለት ደቂቃ። ቆጥሬያለሁ» አለች። ስደምረው አሥራ ዘጠኝ መጣ። በሥራችን ልማድ እዚያ ቤት በእርሳስ ሞልተን መጨረሻው ገጽ ላይ እናስፈርማለን፤ እርሳሱን እያጠፋን በቀለም የምንገለብጠው ቢሮ ገብተን ነው።

«አንብቢና ፈርሚ» አልኳት፣ ለወጉ ያህል።

«አንቺ የጻፍሽውን ደግሞ እኔ ላነብ ነው? ስንት ሥራ አለኝ!» ብላ ፈረመች።

ቢሮ ተመልሼ ያንን አሥራ ዘጠኝ ሳየው ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ይበዛ እንደሆነ ብዬ እንደገና ደመርኩት። አሥራ ዘጠኝ ማለት ከዝርዝር መውጣት ነው። ከዝርዝር ከወጣች መዋያው ይቀራል፤ መዋያው ከቀረ ሕፃኑን የሚይዝላት የለም፤ የሚይዝላት ከሌለ አንሶላ ማጠቡ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ግድግዳው ያውቀዋል። ባለፈው ሦስት ወር ድምሯ ሃያ ስድስት ነበር፣ ያኔ እውነተኛ ሃያ ስድስት። አሁንም ሃያ ስድስት ልጽፍ ብዕሬን አነሣሁ። ግን አለቃችን አንድ ዓይነት ድምር ሁለት ጊዜ ሲመጣለት «ቤቱ ሳትሄዱ ከወንበራችሁ ላይ ነው የሞላችሁት» እያለ ቅጹን ይመልሳል። ሃያ አምስት ብል ከገደሉ አፋፍ ላይ ነው፤ አንድ ጥያቄ ላይ ቢከራከሩኝ ትወድቃለች። ሃያ ስምንት አደረግኩት። ዘጠኝ ነጥብ እዚህም እዚያም በተንኩበት። ብቻቸውን ይቀራሉ፣ ብዙ ጊዜ። ከአልጋ ለመነሣት ይቸገራል፣ ብዙ ጊዜ። ራስን ስለ መጉዳት ያስባል፣ አልፎ አልፎ። በቀለም ገልብጬ ስጨርስ፣ አልዋሻችሁም፣ ብልጠቴ ራሴን አኮራኝ።

ሁለት ሳምንት አልሞላም። ሌላ ቅርንጫፍ ሥር የነበረ የሦስት ዓመት ልጅ ሞተ። ፋይሉ «ድነዋል» ተብሎ የተዘጋ ቤተሰብ ልጅ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ተርበደበደ፤ በነጋታው ትእዛዝ መጣ፤ ድምራቸው ካለፈው ጊዜ የጨመረ ቤተሰቦች በሙሉ በአሥር ቀን ውስጥ ልጅ ከወላጁ ለማንሣት በሚወስነው ኮሚቴ ፊት ይቅረቡ ይላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ግን እስኪፈታ ስንቱን ጠልፎ ይጥላል። ዝርዝሩ ከእኛ ቢሮ ሦስት ቤተሰብ ይዞ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ሁለተኛው መስመር ላይ የኔ እናት ነበረች። «ከሃያ ስድስት ወደ ሃያ ስምንት። እየባሰ የሄደ» ይላል።

ክው ብዬ ቀረሁ። ቆሜ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። ሃያ ስድስቱን እንዳለ ብተወው ኖሮ ማንም አያያትም ነበር።

አለቃችን ክፍል ገባሁ። ከእኔ ኋላ የተቀጠረ ሰው ነው፤ ጨው መጨመርንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አፉ ከከረሜላ ተለይቶ አያውቅም።

«ጨው ነው» አልኩት። «እውነቱ አሥራ ዘጠኝ ነው። ደብዳቤ ጽፌ ላርመው።»

ከረሜላውን ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው አዞረ። «በሩን ዝጊው። አንዱን ካረምሽ አሥራ አራቱንም ቤተሰቦችሽን ያስመረምራሉ። ከዚያ የሁላችንን። መቶ ምናምን ቤተሰብ ከዝርዝር ሊወጣ ነው። አንቺም ከሥራ ትባረሪያለሽ።»

«ታዲያ ልጆቹ ይወሰዱ?»

«ማን ይወስዳቸዋል? ሴትየዋን ያዩአታል። ንጹሕ ናት፣ ሥራ አላት፣ አንቺ ሁለት ቃል ትናገሪላታለሽ፣ በቃ አለቀ። ነገር አታብዢ።»

ነገር አላበዛሁም። ስለ አሥራ አራቱ ቤተሰብ ብዬ ነው ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ እነሱንም አስቤያለሁ። ግን ደመወዜንም አስቤያለሁ። ሃምሳ ሊሞላኝ ሁለት ዓመት የቀረኝ ሴት ነኝ፣ ከዚህ ወጥቼ ማን ይቀጥረኛል? ፈራሁ። ቁጡ ሰው ደግሞ ሲፈራ ፍርሃቱን አያውቅበትም፤ ብልህ የሆነ ይመስለዋል።

የከፋው ጥፋቴ ግን ይህ አይደለም። የከፋው ማክሰኞ ዕለት ቤቷ ሄጄ ያደረግኩት ነው።

«ሐሙስ አንድ ስብሰባ አለሽ» አልኳት። «የተለመደ ነገር ነው። የሚጠይቁሽን መመለስ ነው እንጂ ሌላ የለውም። እኔ አጠገብሽ ነኝ።»

ስላለፈው ቅጽ ምንም አላልኳትም። ምን ብዬ ልንገራት? ራስሽን ልትጎጂ ታስቢያለሽ ብዬ ጽፌብሻለሁ ልበላት? ኋላ እነግራታለሁ፣ ሲያልቅ፣ ስንሥቅበት አልኩ።

«ለምንድነው የጠሩኝ? ስለ ተሻለኝ ነው?» አለችኝ። ፊቷ በርቷል። «የምስክር ወረቀት ነገር ይሰጣሉ እንዴ?»

ሣቅሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ አብሬያት ሣቅሁ። «ማን ያውቃል» አልኳት።

ሐሙስ ዕለት ከሥራ ጓደኛዋ ጃኬት ተውሳ መጣች። እጅጌው ረዝሞባት እስከ ጣቷ ወርዶ ነበር። ረጅም ጠረጴዛ፣ አምስት ሰዎች፣ በየፊታቸው የውሃ ጠርሙስ፣ ጥግ ላይ በኮምፒውተር የምትጽፍ ልጅ። ሰብሳቢዋ ፀጉሯ የሸበተ፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። ፋይሉን ገልጣ መጨረሻውን ገጽ ወደ እናትየዋ አዞረችው።

«ይህ ያንቺ ፊርማ ነው?»

«አዎ፣ የኔ ነው።»

«ከላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው?»

እኔ መነሣት የነበረብኝ ያኔ ነው። አፌን ከፍቼ ነበር። እናትየዋ ዞር ብላ አየችኝና ፈገግ አለች፤ የተጻፈው ምን ሊሆን እንደሚችል ለአፍታም አልተጠራጠረችም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ።

«እሷ የጻፈችው ሁሉ እውነት ነው» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማት ድምጿን ከፍ አድርጋ። «እሷ ባትኖር እኔ ዛሬ የለሁም።»

ጸሐፊዋ መዘገበች። የቁልፎቹ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ ነው።

ተነሣሁ። «ሐሰት ነው!» አልኩ። «የተጻፈው ሐሰት ነው። እኔ ነኝ የጨመርኩት። ከዝርዝር እንዳትወጣ ብዬ ነው። እውነተኛው ድምር አሥራ ዘጠኝ ነው።» ሁሉንም ዘረገፍኩት፣ ጨውን፣ መዋያውን፣ ሃያ አምስትን። የአለቃዬን ስም ብቻ አላነሣሁም።

ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወለቀች። «እሺ፣ መቼ ነው የዋሸሽው? ያኔ ነው ወይስ አሁን?»

«ያኔ።»

«በምን ልወቅ? ያኔ ስትጽፊ ማንም አላስገደደሽም፤ ተረጋግተሽ ወንበርሽ ላይ ተቀምጠሽ ነው የጻፍሽው። አሁን ግን ልጆቹ ሊነሡ ነው። ትወጃቸዋለሽ፣ ያስታውቃል። ሰው ለሚወደው ይዋሻል።»

«ቤቷ ሂዱና እዩ! ዛሬውኑ፣ አሁኑኑ! ልጅቱን ጠይቋት!»

«ስድሳ ፋይል አለኝ፤ ስድስት ቀን ቀርቶኛል።» ሌሎቹ እንዳይሰሟት ይመስል ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የሞተውን ልጅ ፋይል የዘጋሁት እኔ ነኝ። እንዳንቺ ያለች ሠራተኛ እዚሁ ቆማ ድነዋል ብላ ማለችልኝ። አመንኳት።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ። ልቆጣት ፈለግኩ፣ አልሆነልኝም። በሷ ወንበር ብቀመጥ ኖሮ እኔም ራሴን አላምንም ነበር።

እናትየዋ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ስታይ ቆይታ «ምንድነው የተጻፈው?» አለች። ሰብሳቢዋ ወረቀቱን ገፋ አደረገችላት። በተላጠ ጣቷ መስመር መስመሩን እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው፤ ከመጀመሪያው እስከ ፊርማዋ። ስትጨርስ የጃኬቱን እጅጌ ወደ ታች ጎተተችና እጇን ደበቀች።

ውሳኔው ስድስት ወር ነው። ሊቀመንበሯ ለተማሪ ልጆች ወደተዘጋጀው ማቆያ፣ ሽማግሌው ከሦስት ዓመት በታች ወዳሉት። ከስድስት ወር በኋላ የእናትየዋ ሁኔታ እንደገና ይታያል። የኔ ጉዳይ ወደ ፊት ይመረመራል፣ ፋይሉ ለሌላ ሠራተኛ ይተላለፋል፣ ልጆቹን ግን በማግስቱ እኔ እንዳደርስ ተወሰነ። «ስለሚያውቋት እንዳይደነግጡ» ተብሎ ቃለ ጉባኤው ላይ ተጽፏል።

ዓርብ ጠዋት ስደርስ ሁለት ቦርሳ በሩ ሥር ተቀምጧል። እናትየዋ ልጆቹን አጥባ፣ አበጥራ፣ ካልሲያቸውን ሳይቀር በመተኮሻ ተኩሳ ነበር። አላለቀሰችም፣ አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ምን ነበር! ፊቴን በጥፊ ብትለው ምን ነበር! ሽማግሌውን አቀበለችኝና «ሲያስነጥሰው ቶሎ ልብስ ይደረብለት» ብቻ አለችኝ።

መኪናው ውስጥ ሊቀመንበሯ ምርመራዋን ጀመረች።

«ስንት ቀን ነው?»

«ትንሽ ቀን።»

«ትንሽ ቁጥር አይደለም።»

«እሱን እኔም አላውቀውም፣ የኔ እመቤት።»

አሰበችበት። «እሺ። ግን አንድ ነገር ንገሪያቸው። እሱ ጆሮ ካልያዘ አይተኛም። የኔን ነው የሚይዘው፤ የግራውን። ስለዚህ አልጋችን ጎን ለጎን ይሁን። ካልሆነም አንድ አልጋ ይበቃናል፣ እኔ ጥግ እይዛለሁ።»

ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁበት አፌ፣ ስንቱን ቤት ያረጋጋሁበት አፌ፣ ለአንዲት የስምንት ዓመት ልጅ አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር አቃተው።

የመጀመሪያው በር ላይ አረንጓዴ ሽርጥ የለበሰች ሞግዚት ወጥታ ሽማግሌውን ተቀበለችኝ። ሊቀመንበሯ ቦርሳዋን ይዛ ልትወርድ አንድ እግሯን አወጣች። ክንዷን ያዝኳት።

«ያንቺ ሌላ ቦታ ነው» አልኳት።

አላለቀሰችም። ያኔ በሩን የከፈተችልኝ ዕለት እንዳየችኝ አየችኝ፤ የማታውቃት ሴት ሆኜ።

«ታዲያ ማን ጆሮ ይሰጠዋል?» አለችኝ።

ሞግዚቷ ሕፃኑን ይዛ ገብታ በሩ ተዘጋ። ከውስጥ ድምፁ ይሰማ ነበር። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። ሁለተኛው ማቆያ በር ላይ ስትወርድ ሊቀመንበሯ ቦርሳዋን እንድይዝላት አልፈቀደችልኝም።

ቤቷ እንዳልሄድ በጽሑፍ ታግጄ ነበር። ሦስት ሳምንት ቻልኩት። በአራተኛው ማክሰኞ እገዳውን ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ሄድኩ። በቦርሳዬ ውስጥ ባለ አራት ገጽ ደብዳቤ ይዣለሁ፤ ለዋናው መሥሪያ ቤት የጻፍኩት፣ የአለቃዬም ስም ያለበት፣ የሁላችንም ጨው አንድ በአንድ የተዘረዘረበት። መባረሬን ለምጄው ነበር። እሷን ማዳን ከቻልኩ ይሁና ብያለሁ። የሚያስፈልገው እሷ ሥራዋ ላይ መቆየቷ፣ ቤቷ መሰንበቱ፣ ስድስቱ ወር ሲሞላ ቀና ብላ መቆሟ ብቻ ነው።

በሩ ተገርብቦ ነበር። አልጋው ላይ ጋደም ብላለች፤ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ። የሥራ ልብሷ ወንበር ላይ ተጣጥፏል።

«ሥራ አልገባሽም?»

«ተውኩት» አለች። «ሁለት ሳምንት ሆነኝ።»

«ተነሺ! ምን ነካሽ? ስድስት ወር ምን አላት! ደብዳቤ ጽፌያለሁ፣ አዲስ ምርመራ ያዛሉ፣ ቤትሽን መጥተው ያያሉ፣ ሥራሽን ያያሉ—»

«አዲሷ ሠራተኛ መጥታ ነበር» አለችኝ፣ ያልኩትን ያልሰማች ይመስል። «ደህና ልጅ ናት። ቁጭ ብላ ሰማችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«እውነቱን ነዋ።» ጣሪያውን እያየች ነበር የምትናገረው፣ ቀስ ብላ፣ ሳትከፋ። «ያንን ወረቀት ሳስበው ከረምኩ እትዬ። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ኋላ ሳስበው፣ ሳስበው፣ ብቻቸውን ጥያቸው አውቃለሁ እኮ። ሁለት ቀን ሙሉ ልጄ ስኳር ሲጠጣ ዞሬ አላየሁትም። ድኛለሁ ብዬ ራሴን እያታለልኩ ነበር። አንቺ ግን አይተሽዋል።»

«ምንም አላየሁም! ውሸት ነው አልኩሽ እኮ! እፊታቸው ቆሜ ተናግሬያለሁ፣ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። ለኔ ብለሽ ነው። የጻፍሽው ግን ተረጋግተሽ፣ ወንበርሽ ላይ ተቀምጠሽ ነው፤ ሴትየዋ እንዳለችው።» ዞር ብላ አየችኝ። «እኔን የሚያውቀኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። የወለደችኝ እናቴ እንዳንቺ አታውቀኝም። አንቺ እንዲህ ናት ካልሽ እንዲህ ነኝ ማለት ነው።»

«ለአዲሷ ሠራተኛ ምንድነው ያልሻት?» አልኳት።

«እዚያው ይሻላቸዋል አልኳት። ስድስት ወሩ ሲሞላም ወደኔ አትመልሷቸው አልኳት። ጻፈችው።»

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። በልጆቼ ማልኩላት። በእናቴ መቃብር ማልኩላት። ውሸታም ነኝ፣ ፈሪ ነኝ፣ ስለ ደመወዜ ብዬ ነው ዝም ያልኩት፣ አንቺ ጎበዝ እናት ነሽ፣ አሥራ ዘጠኝ ነው፣ አሥራ ዘጠኝ ነው እያልኩ እንደ እብድ ጮህኩ። ደብዳቤውን አውጥቼ እጇ ላይ አስቀመጥኩት፤ ሳታየው መልሳ ሰጠችኝ። በማልኩ ቁጥር በሐዘኔታ ታየኛለች፣ ለሚወዱት ሰው ሲሉ የሚዋሹ ሰዎች እንደሚታዩት። መጨረሻ ላይ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ያኔ ተነሣች። በባዶ እግሯ ሄዳ ውሃ በብርጭቆ ቀድታ አመጣችልኝ፤ እስክጠጣ ቆማ ጠበቀችኝ፤ ከዚያ አጠገቤ ተቀምጣ የተላጠ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች።

«አይዞሽ እትዬ» አለችኝ። «አንቺ ሥራሽን ነው የሠራሽው።»